በደብረ ብርሃን ውርጭና በሸዋ ሮቢት ሙቀት፦ ለሁለት ቤቶች የሶላር ባትሪ ስለ መምረጥ

በሰሜን ሸዋ ለቤቱ የሶላር ባትሪ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዋጋውና ከሥሪት አገሩ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ ብዬ አምናለሁ። እነርሱም ባትሪው የሚቀመጠው ደጋ ነው ወይስ ቆላ፣ መብራት ሲጠፋስ በቤቱ ውስጥ ሳይቋረጥ መሥራት ያለበት ምንድን ነው የሚሉት ናቸው። ይህን የምጽፈው ለሁለት ቤቶች ባትሪ ስመርጥ ከቆየሁ በኋላ ነው። አንደኛው ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር የምኖርበት የደብረ ብርሃን ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው እናቴ ከታናሽ እህቴ ጋር የምትኖርበት የሸዋ ሮቢት ቤት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፤ ሸዋ ሮቢት ግን በግንቦትና በሰኔ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት የተለመደ ነው። ስለዚህ በአንዱ ከተማ መልካም ሆኖ የተገኘ ባትሪ በሌላውም እንዲሁ ይሆናል ብሎ መገመት አይገባም።

በውጭ አገር ስለ ቤት ባትሪ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው የሚነሣው ከእኛ ኑሮ ጋር ከማይገናኝ ምክንያት ነው። በዚያ ብዙ ሰው ባትሪ የሚገዛው የመብራት ዋጋ ማታ ማታ ስለሚወደድ፣ ቀን ከፀሐይ ያጠራቀመውን ማታ ተጠቅሞ ወርኃዊ ክፍያውን ለመቀነስ ነው። በእኛ አገር የቤት መብራት ታሪፍ ዝቅተኛ በመሆኑ የባትሪውን ወጪ ከመብራት ሒሳብ ላይ በሚተርፍ ገንዘብ አስመልሳለሁ ብሎ የሚያሰላ ሰው ስሌቱ አይሠራለትም። እኛ የምንገዛው መብራት ስለሚጠፋ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ምን ያህል ባትሪ እንደሚያስፈልግም፣ የትኛው ዓይነት እንደሚሻልም የሚወስነው እርሱ ነውና።

የመጀመሪያው ሥራ በቤቱ ውስጥ ያለውን ፍጆታ በዋት ሰዓት መቁጠር ነው። የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በቀን ከሚሠራበት ሰዓት ጋር ማባዛት ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ በአንድ ምሽት ሊጨርሰው ይችላል። በእኛ ቤት ባለ 9 ዋት የሆኑ ስድስት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ሲበሩ 270 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። 80 ዋት የሆነው ቴሌቪዥን በአራት ሰዓት 320፣ የባለቤቴ ላፕቶፕ በአራት ሰዓት 200፣ ቀንና ሌሊት የማይጠፋው የኢንተርኔት ራውተር 240፣ የሁላችን ስልኮች ደግሞ 60 ገደማ ይጠቀማሉ። ድምሩ 1,090 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ፍሪጅ ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ብዙ ስለማያሳስብ ከቁጥሩ አውጥተነዋል። የሸዋ ሮቢቱ ቤት ግን የተለየ ነው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ገና ያልተከፈተ ኢንሱሊን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በዚያ ቤት ቴሌቪዥኑም አምፖሉም ቢጠፋ የሚጎዳ የለም፤ ፍሪጁ ግን መጥፋት የለበትም። ስለዚህ ለእርሷ ቤት ስሌቱ የተጀመረው በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ከሚወስደው ከትንሹ ፍሪጅ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከእርሱ በኋላ ተቆጠረ።

የእንጀራ ምጣድ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት፤ ባትሪ የሚሸጡ ሰዎች ሁሉንም ያንቀሳቅሳል ማለት ይቀናቸዋልና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ከ3,500 ዋት በላይ ይጎትታል። እርሱን የሚሸከም ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) እና ባትሪ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ለቀሩት ዕቃዎች በሙሉ ከሚያስፈልገው እጅግ የበለጠ ነው፤ በአንድ ጋገራ የሚያልቀውም ለቤተሰቡ ሁለት ሌሊት ያህል መብራት ይሆናል። ስቶቭና የውኃ ማፍያም ከዚሁ ወገን ናቸው። መብራት ሲኖር መጋገር፣ ሲጠፋም በእንጨት ወይም በከሰል መጠቀም ለባትሪ ከሚወጣው ወጪ ያንሳል፤ ስለዚህ ምጣዱና ስቶቩ ከባትሪው መስመር በተለየ ብሬከር እንዲቀመጡ ኤሌክትሪሻኑን አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ፍጆታ የኢንቨርተሩ የራሱ ነው። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት፣ ተከፍቶ በመቆየቱ ብቻ ኃይል ይበላል፤ አምስት ኪሎ ዋት የሚሸከም ትልቅ ኢንቨርተር 50 ዋት ያህል ሊወስድ ይችላል። ሃምሳ ዋት በ24 ሰዓት ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህ እኔና ቤተሰቤ በቀን ከምንጠቀመው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ትልቅ መግዛት ለነገ ይጠቅማል የሚለው ምክር ለብዙ ዕቃ ቢሠራም፣ በኢንቨርተር ላይ ግን ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ የሚያፈስስ ሆኖ ይገኛል። ፍሪጅ ላለበት ቤት መታሰብ ያለበት ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ ይህን የሚችል ባለ 1,000 ወይም 1,500 ዋት ኢንቨርተር ለሁለቱም ቤቶች በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በደጋ የምንኖር ሰዎች ደግሞ የኢንቨርተሩን መግለጫ ወረቀት ስናነብ ስለ ከፍታ የተጻፈውን መፈለግ አለብን። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዣው እንደ ቆላው አይሠራም፤ ብዙ አምራቾችም ከ2,000 ሜትር በላይ ዕቃው ሙሉ ጉልበቱን እንደማይሰጥ ይጽፋሉ። በመንዝ ያለው መሐል ሜዳና አካባቢው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በዚያ ላሉ ወንድሞቼ ይህ ከእኔም ይልቅ ይመለከታቸዋል።

ወደ ባትሪው ስንመጣ፣ በላዩ ላይ የሚጻፈው አምፔር ሰዓት ብቻውን ምንም አይነግርም። ከቮልቱ ጋር ሲባዛ ነው ዋት ሰዓቱ የሚገኘው። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ (ከእርሳስና ከአሲድ የሚሠራው) 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በላይ መቀነስ ስለሌለበት ለቤቱ የሚሰጠው 1,200 ነው። ባለ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም 1,280 ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶውን፣ ማለትም ከ1,000 በላይ የሚሆነውን ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የመጀመሪያው እጥፍ መስሎ ቢታይም በአገልግሎት ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። በአሲድ ባትሪ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልቅ የተለካ ስለሆነ፣ በአምስት ሰዓት እንዲያልቅ ተደርጎ ሲሠራበት ከተጻፈው ያነሰ ይሰጣል።

የአሲድ ባትሪ የቆየ ዕቃ ነው፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ አሁን ያገለገለውም ርካሽ፣ ጠንካራና በየከተማው የሚገኝ ስለሆነ ነው። ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ ለገበያ የቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ ለቤት የሚመረጠው ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ደግሞ በፕሮፌሰር ጆን ጉድኢናፍ ቤተ ሙከራ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተገኘ ነው። በስልክና በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ያለው ኒኬል ወይም ኮባልት ያለበት ሊቲየም ቀለል ያለና ብዙ የሚይዝ ቢሆንም፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ እሳት የማስነሣት ጠባዩ ከፎስፌቱ የበለጠ ነው። ባትሪ በቤት ውስጥ፣ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል አጠገብ ለሚቀመጥበት ኑሮ ፎስፌቱን ብቻ ነው የምመክረው።

ለሁለቱም ቤቶች ሊቲየም ፎስፌት የመረጥኩበት ምክንያት ግን ሻጮች አዘውትረው ከሚጠቅሱት የተለየ ነው። ሻጭ የሚናገረው ስለ ዙር ብዛት ነው፤ አሲዱ ግማሹ እየተወሰደ ጥቂት መቶ ዙር ሲያገለግል ፎስፌቱ ከ3,000 በላይ ያገለግላል፤ ይህም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ሺሕ ዙር ማለት በየቀኑ ቢያልቅና ቢሞላ ከስምንት ዓመት በላይ ነው። መብራት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በሚጠፋበት ቤት ያ ቁጥር ሳይደርስ ባትሪው በዕድሜ ብዛት ብቻ ሊደክም ይችላል። ለእኛ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። የአሲድ ባትሪ በጎደሎ መቆየት አይችልም። ሳይሞላ ቀናትን ካሳለፈ በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጠጥርበትና የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፤ ይህም ከጊዜ በኋላ የማይመለስ ይሆናል። በእኛ አካባቢ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ተሸፍኖ ሲከርም፣ የሶላር ፓኔሉ ከሚሰጠው ብዙው ይቀንሳል። በዚያው ወራት ነፋስና መብረቅ መስመሩን ስለሚጎዱት መብራቱም አዘውትሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባትሪው ለሳምንታት ሳይሞላ የሚቆየው ብዙ በሚሠራበት ወቅት ነው፤ ብዙ የአሲድ ባትሪዎች ከአንድ ሁለት ክረምት በላይ የማይዘልቁትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ፎስፌቱ በጎደሎ ቢቆይ አይጎዳም፤ እንዲያውም ዘወትር ጢም ብሎ ሞልቶ ከመቀመጥ ይልቅ መካከለኛው ይስማማዋል።

ስለ ክረምቱ ካነሣሁ፣ ለደመና ቀን ተብሎ ባትሪ ማብዛት ለገንዘብም ለባትሪውም አይበጅም። ለአራት ቀን የሚበቃ ባትሪ ያለው ሰው በአምስተኛው ቀን የሚሞላበት ፀሐይ ካላገኘ ያው ጨለማ ውስጥ ነው። ባትሪውን ለአንድ ሌሊትና ለተከታዩ ጠዋት በሚበቃ ልክ ገዝቶ፣ የተረፈውን ገንዘብ ፓኔል ላይ ማዋል ይሻላል፤ ፓኔል በደመና ውስጥም ጥቂት ጥቂት ያመርታልና፣ ብዛት ሲኖረው ጥቂቱ ተደምሮ ይበቃል። መስመር ያለው ቤት ደግሞ መብራት በመጣበት ሰዓት ባትሪውን ከመስመሩ የሚሞላ ኢንቨርተር ቢመርጥ የክረምቱ ጭንቀት በእጅጉ ይቀልለታል።

አሁን ወደ ብርዱ። ሊቲየም ፎስፌት ከዜሮ ዲግሪ በታች ኃይል መስጠት ይችላል፤ መሞላት ግን አይገባውም። በዚያ ቅዝቃዜ ሲሞላ ሊቲየሙ በባትሪው ውስጥ ወደሚቀበለው ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ፈጥኖ መግባት ስለማይችል በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል። ይህ ጉዳት አይመለስም፤ እየተደጋገመ ሲሄድም በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ያለውን መጋረጃ ወግቶ በውስጡ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ የሚጸናው ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ልትወጣ አካባቢ ነው፤ ጥርት ያለው የኅዳር ፀሐይ ፓኔሉን የሚያገኘውም ወዲያው ከዚያ በኋላ፣ ባትሪው ገና የሌሊቱን ብርድ ሳይለቅ ነው። በውጭ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ወይም በረንዳ ላይ የተቀመጠ ባትሪ በዚህ ሰዓት ይጎዳል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ባትሪውን በሚኖሩበት ቤት ውስጥ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ ከውጭው ግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ነው፤ በወፍራም ድንጋይ በተሠሩት በመንዝ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ከዚህ ጋር፣ በባትሪው ውስጥ ያለው ቢኤምኤስ የሚባለው መቆጣጠሪያ ቅዝቃዜው ከዜሮ ሲወርድ መሙላቱን የሚያቆም መሆኑ በመግለጫው ላይ መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በርካሽ ባትሪዎች ላይ ይህ መከላከያ ብዙ ጊዜ የለም፤ ለሸዋ ሮቢት ሰው ግድ ባይሰጥም ለደብረ ብርሃንና ለመንዝ ሰው ግን ከዋጋው ቅናሽ የሚበልጥ ነገር ነው። ብርድ የፓኔሉን ቮልትም ከፍ ያደርጋል፤ በዜሮ ዲግሪ ጠዋት ከተጻፈበት ሰባት ስምንት በመቶ ሊጨምር ስለሚችል፣ ፓኔሎች በተከታታይ ሲያያዙ የቮልታቸው ድምር ከቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል ከሚቆጣጠረው መሣሪያ) ጣሪያ ጋር እኩል እስኪሆን መድረስ የለበትም።

ሙቀቱ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ባለሙያዎች የሚስማሙበት ነው። ሸዋ ሮቢት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል የተቀመጠ ባትሪ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር ከዚህ መገመት ይቻላል። ፎስፌቱም በሙቀት ያረጃል፤ ነገር ግን የተሻለ ይችለዋል። ስለ ቦታው ሳነብ ያገኘሁት ምክር ባትሪውን በሰሜን ግድግዳ ላይ ስቀሉት የሚል ነበር። ይህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ለምታልፍባቸው አገሮች ልክ ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምንገኝ፣ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ቀትር ላይ ፀሐይ የምትቆመው በስተሰሜናችን ነው፤ ያም ግንቦትና ሰኔን፣ የቆላው ሙቀት የሚበረታበትን ጊዜ ይይዛል። ስለዚህ ለእናቴ ቤት የተመረጠው ፀሐይ ከየትኛውም ወገን የማታገኘው፣ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው የመሐል ግድግዳ ነው፤ ባትሪውም ሙቅ አየር ከሚከማችበት ከጣሪያው ርቆ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

ገንዘቡ ለሊቲየም የማይበቃው ሰው አሲድ ቢገዛ አልነቅፍም፤ የመኪና ባትሪ ግን አይግዛ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ በስስ ሰሌዳዎች የተሠራ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣበት ከወራት በላይ አይቆይም። ውኃ የሚጨመርበት የአሲድ ዓይነት ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ምድጃ፣ ከሰል ወይም ሻማ ባለበት ክፍል ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። የተዘጋውና ጄል የሚባለው ለቤት ይሻላል።

በሱቅ ውስጥ ሊደረጉ የሚችሉ ጥቂት ማጣሪያዎች አሉ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት፣ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት፤ እርሳስ ከባድ ነውና ክብደቱ በጣም ከቀለለ በውስጡ የተጻፈው ያህል እርሳስ የለም። ፎስፌቱ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል። በመደርደሪያ ላይ የቆየ የአሲድ ባትሪ ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ ሳይሞላ ብዙ ቆይቷልና መተው ነው። በፎስፌቱ ላይ ግን ቮልት መለካት ብዙ አይጠቅምም፤ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ቮልቱ እምብዛም አይለዋወጥም። ለእርሱ የሚታመነው ሞልቶ በታወቀ ጭነት ማስጨረስ ነው፤ 1,280 ዋት ሰዓት የተባለው ባትሪ በኢንቨርተር በኩል 100 ዋት ሲጎተትበት 11 ሰዓት ገደማ መቆየት አለበት። ይህን ፈትነን ካልሆነልን እንመልሳለን ስንል በጽሑፍ የሚስማማ ሻጭ፣ ዋስትና አለው እያለ በቃል ብቻ ከሚምል ሻጭ ይመረጣል። እኔ ከጠየቅኋቸው መካከል አንዱ ብቻ ነበር በደረሰኙ ጀርባ ላይ ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ቢልም ከእርሱ ገዛሁ።

በመጨረሻ ለሁለቱም ቤቶች 2,560 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ተገዛ። ለደብረ ብርሃኑ ቤት ይህ ፀሐይ የሌለበትን ሙሉ ቀንና ሌሊት ይሸፍናል፤ ለሸዋ ሮቢቱ ደግሞ ፍሪጁን ሌሊቱን አሳድሮ ለጠዋቱም መጠባበቂያ ይተርፈዋል። የመረጥነው ባለ 24 ቮልቱን ነው፤ 1,000 ዋት በ12 ቮልት ሲጎተት ከ80 አምፔር በላይ ስለሚያልፍበት ወፍራምና ውድ ገመድ ይጠይቃል፣ በ24 ቮልት ግን ይኸው በግማሽ ይቀንሳል። ቻርጅ ኮንትሮለሩም ከአሲድ ወደ ሊቲየም መቀየሩን፣ ለአሲድ ባትሪ ብቻ የሚያገለግለው ከፍተኛ ቮልት የሚለቅበት የማስተካከያ ሙሌት መዘጋቱንም ከኤሌክትሪሻኑ ጋር ሆነን አይተናል። ፊዩዙ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ፣ ገመዱ ከመርዘሙ በፊት መግባት አለበት፤ ሊቲየም ሾርት ሲሆን የሚለቀው ኃይል ገመዱን በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላልና። የፓኔሉ ብረትና ኢንቨርተሩም ለክረምቱ መብረቅ ሲባል በገመድ ከመሬት ጋር በሚገባ ተያይዘዋል። ብሬከሮቹ በሁለቱም ቤቶች እጅ በሚደርስበት ቦታ ተሰቅለው የየትኛው መስመር እንደሆኑ በአማርኛ ተጽፎባቸዋል፤ እህቴ ብቻ ሳትሆን እናቴም የትኛውን ቀድማ እንደምታጠፋ ታውቃለች።